የጭንጫው ዕጣ

ተረት ተረት፤ ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል። አህያና በሬ የግጦሽ መስካቸውን በዕጣ ሊካፈሉ ተስማሙ። አህያዋ ጠጠር፣ በሬው ስንጥር ምልክት ሰጡና፣ እንዳያዳላ ዓይን የሌለው ፍልፈል ጣለላቸው። ለምለሙ ረባዳ ለበሬው፣ ጭንጫው ጉብታ ለአህያዋ ደረሰ።

«ምን ታደርጊዋለሽ፣ የአርባ ቀን ዕድልሽ ነው!» አላት በሬው።

አህያዋ ሆድ ባሳት። «ዕድሌን አበላሸኸው» ብላ ፍልፈሉን ብትወቅሰው፣ «እኔ የጣልኩት ዕጣሽን ነው፤ ዕድልሽንማ ገና ማን አየው?» አላት።

ክረምት ገባና ወንዙ ሞልቶ ረባዳውን ዋጠው። በሬው እየዋኘ ከጉብታው ሥር ቢደርስም ሽቅብ ለማየት አፈረ። አህያዋ ከእግሯ ሥር የተወሸቀውን ፍልፈል «ተባረክ» አለችውና ለበሬው ቦታ ለቀቀች።

«ውጣ እንጂ! ዕጣው የእኔ ነው፤ ዕድሉ ግን ለሁላችንም ይበቃል።»