ይርገዱ ዛሬ ተረኛ አይደለችም

አንዲት የአዋላጅነት ተማሪ ነበረች። ሰነፍ አልነበረችም፤ ፈሪ ነበረች እንጂ። ፈሪ ሰው ምን ይወዳል? ከሰው ጀርባ መቆም ይወዳል።

አስተማሪዋ ሲስተር ብዙአየሁ ትምህርቱን በስልክ እየላኩ፣ «ቤታችሁ አይታችሁት ኑ፤ ክፍል ውስጥ እጃችንን ነው የምናሠራው» ይሏቸዋል። ተማሪዎቹ ምን አደረጉ? የለመዱትን! አንድ ለአምስት ተደራጁ። የቡድኑ መሪ ይርገዱ ብቻዋን ታየውና ጠዋት በር ላይ በጥድፊያ ትነግራቸዋለች።

«ይርገዱ አይታው የለ? ይበቃናል» ትላለች ልጅቷ።

አንድ ቀን ሲስተር የፕላስቲክ አሻንጉሊት ጠረጴዛው ላይ አስተኙ። «ሕፃኑ ተወልዷል። አላለቀሰም። አንቺ፣ ነይ!»

ልቧ ድንግጥ አለ። ከየት ትጀምር? ጀርባውን ትሸው? አየር ትስጠው? የአየር መስጫውን ጭንብል ገልብጣ ያዘችው። ዐይኗ ይርገዱን ፈለገ።

«ይርገዱ ዛሬ ተረኛ አይደለችም» አሉ ሲስተር። «አንቺና ሕፃኑ ብቻ ናችሁ።»

ጥቂት ጠበቁ። ከዚያ አሻንጉሊቱን በፎጣ ሸፈኑት። «ሞተብሽ፣ ልጄ።»

ልጅቷ አለቀሰች። ሲስተር ትከሻዋን ይዘው፣ «እዚህ ይሙትብሽ፤ ክፍሉ ለዚህ ነው። እዚያ እንዳይሞትብሽ ግን ማታ ራስሽ እዪው» አሏት።

ከዚያ ወዲያ ማታ ራሷ ታያለች፤ ክፍል ገብታ በእጇ ትሠራለች፤ ትሳሳታለች፤ ትታረማለች። ፍርሃቱ ለቀቃት? አለቀቃትም! ተመርቃ ገጠር ጤና ጣቢያ በተመደበች ማግስት እውነተኛ ሕፃን እጇ ላይ ዝም አለ።

«እኅቴ፣ ለምን አያለቅስም?» አለች እናቲቱ።

ያኔም ፈራች። እጇ ግን ያውቅ ነበር። አደረቀችው፤ ጀርባውን አሸችው፤ ጭንብሉን አስተካክላ አየር ሰጠችው። ሕፃኑ አለቀሰ።

ወገኖቼ፣ የእናንተ ይርገዱ ማን ነው? እኔ አይደለሁምን? መጽሐፍ ቅዱሱ ቤታችሁ ተቀምጧል። እናንተ ግን እሑድ እሑድ መጥታችሁ፣ «ፓስተሩ አንብቦታል፤ ይበቃናል» ብላችሁ ትሄዳላችሁ።

እፈራለሁ። ስለ እናንተ እፈራለሁ! ቤታችሁ ሐዘን ሲገባ፣ ልጃችሁ ጥሏችሁ ሲወጣ፣ ሐኪሙ «እስቲ ተቀመጡ» ብሎ ፊቱን ሲያጠቁር፣ ያኔ ምን ታደርጋላችሁ?

ቤታችሁ አንብባችሁ ኑ። እዚህ እንሥራው። ጎረቤቱን የተቀየመ ይቅር ማለትን እዚህ ይለማመድ። ስትጸልይ ምላሷ የሚተሳሰርባት፣ እዚህ በወንድሞችና በእኅቶች መካከል ይተሳሰርባት።

ያ ቀን ይመጣልና። «አንቺ፣ ነይ! አንተ፣ ና!» ስትባሉ ዞር ብላችሁ ብትፈልጉኝ፣ እኔ ተረኛ አይደለሁም።