የአያቷ የክርስትና ስም ለጠፋባት ለአንጓች የተደረገ ተአምር

እመቤታችን ድንግል ማርያም አንደበታችንን ታቅናልንና፥ በሸንበቆ ማርያም አጥቢያ ያደረገችውን አንድ ነገር እንንገራችሁ፤ የሰማነውን ነው እንጂ ከራሳችን የጨመርነው የለም።

አንጓች የምትባል ሴት ነበረች፤ እናትና አባቷ በሕፃንነቷ ሞተውባት አያቷ ደምለው አሳደጋት። ይህ ደምለው እመቤታችንን እጅግ የሚወድ ሰው ነበረና፥ «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» ሳይል እህል አይቀምስም፤ በየማለዳውም ወደ ጸበሉ ምንጭ ወርዶ አንድ እንስራ ውሃ ይቀዳና ለሚጠሙ እንግዶች በደጀ ሰላሙ ያስቀምጥ ነበር። «የሴት ሥራ ይዞ» ብለው ቢስቁበትም አይተውም ነበር። ከውሃው ሊጠጣ ሲልም አስቀድሞ ጣቱን ነክሮ ከሁለቱ ጆሮዎቹ ኋላ ያረጥብ ነበር። አንጓች በልጅነቷ «አባባ፥ ይኼ ለምንድን ነው?» ብትለው «እሷ ስትጠራን እንድንሰማ ነዋ» አላት። ሌላ አልነገራትም፤ ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም። እርሷም እርሱን አይታ እንዲሁ ታደርግ ጀመር።

ከዚያም ደምለው አረጀና አንድ ቀን ከምንጩ ተመልሶ፥ እንስራውን አውርዶ፥ ጋደም እንዳለ ዐረፈ። ካህኑ መምሬ ፈንታ ለፍትሐቱ የክርስትና ስሙን ቢጠይቁ አንጓች አላወቀችውም። ለእርሷ አባባ ነበረና ሌላ ስም ጠይቃው አታውቅም። እርሱም በልጅነቱ በክፉ ዘመን ከሩቅ አገር ብቻውን የመጣ ነው፤ ዘመድ የለው፤ ሚስቱም የንስሐ አባቱም ቀድመውት ዐርፈዋል። በለቅሶው መካከል ጎረቤቷ አላምረው «ገብረ ማርያም ነው» አለና በዚያው ስም ተፈታ።

ከቀብር መልስ ግን በዛብህ የሚባል ሌላው ጎረቤት «እኔ ኃይለ ሚካኤል ሲባል ነው የሰማሁት» አለ።

«አንተ የገዛ ልጆችህን ስም የምታምታታ ሰውዬ» አለው አላምረው።

«አንተስ ማርያምን ስለሚወድ ገመትህ እንጂ ማን ነገረህ?»

አላምረው ጋቢውን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ሄደ። አንጓችም ይህን አየችና ልቧ ተናወጠ። «ታዲያ ያ ሁሉ ጸሎት ለማን ሄደ?» ትል ጀመር። ሳሉ ትዝ ይላታል፤ እንስራውን ሲያወርድ «እህ» የሚላት ትዝ ትላታለች፤ ስሙ ግን የለም። ገብረ ማርያም ስትል በእርሱ ድምፅ የሰማችው ይመስላታል፤ ኃይለ ሚካኤል ስትልም እንደዚያው ይመስላታል። አርባው በቀረበ ጊዜ ወደ መምሬ ፈንታ ሄደች።

«ልጄ፥ ፈጣሪ የራሱን ሰው አይስትም» አሏት።

«እሱስ አይስትም መምሬ። እርስዎ ግን ማን ብለው ነው የሚጠሩት?»

ጢማቸውን ይዘው «እሱን እኔም አላውቅ» አሉ።

በአርባው ዋዜማ ጧት አንጓች በሐሳብ ብዛት እንስራዋን ረስታ ባዶ እጇን ቤተ ክርስቲያን ደረሰች፤ አያቷ ካረፈ ጀምሮ ውሃውን የምትቀዳው እርሷ ነበረችና። በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆማ «እመቤቴ፥ እኔ የማውቀው አባባ ማለትን ነው፤ የቀረውን አንቺ ታውቂያለሽ» አለች። ከዚያም ወጥታ ከቅጥሩ ሥር ተቀመጠችና ሸለብ አደረጋት። በሕልሟም ብዙ ሰዎች በየስማቸው እየተጠሩ በአንድ በር ሲገቡ አየች፤ አያቷም ከበሩ ውጭ እጁን ከጆሮው ኋላ ደግኖ ቆሟል። አንዲት ሴት በአጠገቡ ስታልፍ «ጥቂት ታገሥ፥ ውሃ ልትቀዳ ወርዳለች» አለችው።

አንጓች ነቃችና ግራ ገባት። «እኔ እዚህ ነኝ፤ ማን ናት የወረደችው?» አለች። ነገሩ ባይገባትም እንስራዋ ትዝ አላትና፥ ከቤቷ አንሥታ ወደ ምንጩ ወረደች።

በዚያም ለእግሯ ሕመም ጸበል ልትጠመቅ ከሩቅ የመጣች ዘርፌ የምትባል አሮጊት በቅሏ ውሃ ስትቀዳ አገኘች። አንጓችም እጅ ነሥታ፥ ጣቷን ነክራ፥ ከጆሮዎቿ ኋላ አረጠበችና ጠጣች።

አሮጊቷ አየቻት። «ይኼን ማን አስተማረሽ ልጄ?»

«አያቴ።»

«ለምን ነው አለሽ?»

«እሷ ስትጠራን እንድንሰማ።»

አሮጊቷ ቅሏን መሬት አስቀመጠች። «ይኼ የእናቴ ቃል ነው። ከቤታችን ውጭ ሰምቼው አላውቅም። ማን ይባላል አያትሽ?»

«ደምለው።»

አሮጊቷ ቀና ብላ ዳገቱን አየችና «ላይ አለ?» አለች።

አንጓች አዎን ልትል አሰበች፤ የለም ልትልም አሰበች። በመጨረሻ «ነገ አርባው ነው እማማ» አለቻት።

ዘርፌም በድንጋዩ ላይ ቁጭ ብላ ያለ ድምፅ አለቀሰች፤ ወንድሟን በአንድ ቃል አግኝታ በአንድ ቃል አጥታዋለችና። ኋላም «በልጅነታችን ነው የተለያየነው። በሄድሁበት ደብር ሁሉ ጽጌ ማርያምን አስቡልኝ እላለሁ፤ ሕያው ነው ወይስ ሙት ሲሉኝ፥ እኔ እንጃ እላለሁ» አለች።

«ማን ነው ጽጌ ማርያም?»

«እሱ ነዋ ልጄ። በወርኃ ጽጌ ክርስትና ሲነሣ የወጣለት ስሙ ነው።»

አንጓችም ወደቀችና እግሯን ሳመች፤ እርሷ ስሙን ስታጣ፥ ሌላይቱ በየደብሩ በስሙ ስታስጠራው ኖራለችና። ወደ ምንጭ ወርዳለች የተባለችው ግን አንጓች ትሁን ዘርፌ፥ እስከ ዛሬ ለይቶ የነገረን የለም።

በማግስቱ መምሬ ፈንታ በጸሎቱ መካከል «ጽጌ ማርያም» ብለው ጠሩ። አላምረውና በዛብህ ጎን ለጎን ቆመው መሬት መሬት ያዩ ነበር። አንጓችም ወደ በሩ ዘወር ብትል፥ አያቷ እጁን ከጆሮው ኋላ ሲያወርድና ሲገባ አየች። ሌላ ሰው አላየም። ከዚያም ሁለቱ ሴቶች እመቤታችንን አመሰገኑ፤ ዘርፌም ከአንጓች ጋር ኖረች፤ እንስራዋም አንድ ቀን አልታጎለችም።

ይህን የሰማችሁ ሁሉ፥ የሞቱባችሁን የምትጠሩበት ስም አይጥፋባችሁ፤ እናንተንም የሚጠራችሁ ሰው አይታጣ፤ እርሷ በልጇ ፊት ስማችንን በምታነሣበት ቀን ጆሯችን ክፍት ሆኖ ይገኝ፤ ለዘለዓለሙ አሜን።