ጣውንት የተባለችው ሬዲዮ

አንድ ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው ዘርጋው ይባላል፤ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ የሚሠራ፣ ነገር የማያበዛ፣ ሰላምታውን እንኳ በግማሽ አፉ የሚሰጥ ሰው ነበር። ሚስቱ አየለች ከሩቅ የመጣች የከምባታ ልጅ ናት። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። እንዲያም ሆኖ ሠላሳ አንድ ዓመት አብረው ኖሩ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ሽማግሌ ለእርቅ ደጃቸውን አልረገጠም።

ግን በመካከላቸው አንድ ነገር ነበር። በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት የአየለች እናት ልጇን ልትጠይቅ መጣች። እናትና ልጅ ተነፋፍቀው ኖሮ ጓዳ ገብተው በከምባትኛ ያወሩት፣ የሳቁት ለጉድ ነው። ዘርጋው ከሥራ ሲመለስ ጓደኞቹን አስከትሎ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ሳቁን አዳመጠና ቀልድ የቀለደ መስሎት፣ «በገዛ ቤቴ የማላውቀው ቋንቋ! እኔን ነው አይደል የምታሙት? እዚህ ቤት ሰው የሚገባውን ተናገሩ እንጂ!» አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። የጓዳው ሳቅ ግን ቆመ። እናትየው አማርኛ ብዙም ባይሆንላትም ይቺን አላጣቻትም፤ ወር ልትቀመጥ የመጣችው ሴት በማግሥቱ ተሳፈረች፤ ተመልሳም አልመጣች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አየለች ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ ቤት የከምባትኛ ጨዋታ አልተሰማም። አንዳንዴ ልብስ ስታጥብ የልጅነቷን ዘፈን ትጀምርና የአጥሩ በር ሲንኳኳ ታቋርጠዋለች። የናፈቃት የአገሯ ተራራና የእንሰቱ ጥላ ብቻ አልነበረም። በእናቷ ቋንቋ «እንዴት ዋልሽ?» የሚላት አንድ ሰው ነበር የናፈቃት። እሱን ደግሞ ከገበያ አይገዙትም።

ከተጋቡ ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ የእናቷ መርዶ መጣ። አየለች ሐዘኑ ሲበረታባት በአማርኛ ማልቀስ አልሆነላትም። በከምባትኛ እናቷን እየጠራች፣ አንድ ሺህ ነገር እየነገረቻት አለቀሰች። ዘርጋው ከጎኗ ተቀምጦ ነበር። ሚስቱ ምን እያለች እንደምታለቅስ አንዲት ቃል እንኳ አልገባውም።

በዓመቱ ሬዲዮ ገዝቶ መጣ። ሬዲዮ ስል በእጅ የምትንጠለጠለዋን እንዳታስቡ። አንድ የውጭ ዜጋ ወደ አገሩ ሲመለስ የሸጣት፣ ቤቷ ቡናማ እንጨት፣ ፊቷ ብርማ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ ስፒከር ያላት የድሮ ስቴሪዮ ናት። ስትበራ መስታወቷ አረንጓዴ ይሆናል። በመስታወቱ ላይ ቀይ መርፌ አለ፤ ከባዱን ቁልፍ ሲያዞሩት መርፌው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ቀስ እያለ ይሄዳል። እሁድ እሁድ ዘፈን ሲለቀቅባት ጎረቤቱ ሳይቀር ሥራውን አቁሞ ይሰማ ነበር።

በአዘቦት ቀን ግን ዘርጋው ለብቻው ነበር የሚሰማት። አመሻሽ ላይ ከወፍጮ ቤት ሲመለስ ዱቄቱን ያራግፍና፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አንድ ሰዓት ይቀመጣል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለውም። አየለች ራት አቅርባ ትጠብቃለች።

«ጣውንቴ ዛሬ ምን አለችህ?» ትለዋለች፣ ግማሽ በቀልድ፣ ግማሽ በቅያሜ።

«ምንም» ይላል እሱ፣ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ደንግጦ።

አንድ ክረምት ደግሞ ከጣሪያው እስከ አጥሩ ጥግ ረጅም ሽቦ ወጠረ። ሽቦው የአየለችን የልብስ ማስጫ አቋርጦ አለፈ።

«ነጠላዬን ዝገት አስነካብኝ እኮ! ምን ሊሠራልህ ነው?» አለችው።

«ሩቅ ነው» አላት፤ «ያለሱ አይመጣም።»

«ምኑ ነው ሩቅ?»

ዘርጋው ሊናገር አፉን ከፈተ። ከዚያ «ቆይ፣ ጊዜው ይድረስ» አለና የተዋሰውን መሰላል ሊመልስ ወጣ።

ጊዜው ሳይደርስ ዘርጋው ታመመ። በታመመ በሦስተኛው ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ ሬዲዮዋ አንዴ ጠሽ ብላ ጠፋች። «ሲሻለኝ አሠራታለሁ» አለ። አልተሻለውም።

ከቀብሩ በኋላ አየለች ሬዲዮዋን ዳንቴል አለበሰቻት። ቅዳሜ ቅዳሜ ታነሳትና ከሥሯ ትጠርጋለች፣ እንጨቷን ትወለውላለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። ቁልፉን ግን በጣቷ ጫፍ እንኳ ነክታው አታውቅም። የባሏ እጅ መጨረሻ ያረፈው እዚያ ላይ ነዋ! ቀዩ መርፌ የቆመበትን ቦታ ለአንድ ጡረተኛ ጎረቤቷ አሳየቻቸውና «እዚህ ጋ እንኳ ከውጭ አገር የሚተላለፍ ወሬ ነው፤ ጦርነት፣ ምርጫ፣ ምናምን» አሏት።

ይቺ ቃል ውስጧ ተሰነቀረች። ከኔ ጋር አንድ ሰዓት ከመጫወት የባዕድ አገር ወሬ በለጠበት ማለት ነው? በአንድ ልቧ ትናፍቀዋለች፣ በሌላው ትቀየመዋለች። የሞተ አይወቀስ ሆነባትና ለማንም አልተናገረችም። ሰባት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በሰባተኛው ዓመት አንድ የካፌ ባለቤት መጣ። የድሮ ስቴሪዮ እየገዛ መደርደሪያው ላይ የሚደረድር ወጣት ነው። «እማማ፣ ባትሠራም ግድ የለኝም፤ ለጌጥ ናት» አላት። አየለች ሁለት ቀን አሰበችበት።

«እሸጥልሃለሁ» አለችው በሦስተኛው ቀን። «ግን መጀመሪያ ላሠራት። እሱ ይሰማው የነበረውን አንድ ቀን ልስማው። ምን እንዳስበለጠብኝ ልወቀው። ከዚያ ውሰዳት።»

ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ ጋሽ ክንፉ የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ አለ። የሱ ቢጤ እያለቀ ነው፤ ዛሬ ሁሉም የስልክ ሐኪም ሆኗል። ሬዲዮዋን ከባጃጅ ሲያወርዷት አይቶ መነጽሩን ጠረገና ከመቀመጫው ተነሳ፣ ታላቁን እንዳየ ሰው።

«ጋሽ ክንፉ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት» አለች አየለች። «የጣቢያው ቁልፍ ካለበት እንዳይነቃነቅ።»

«እትዬ፣ ሬዲዮ ጠግኜ ጣቢያ ሳልሞክር እንዴት አድርጌ?»

«ባለቤቴ የተወው እዚያ ላይ ነው።»

ጋሽ ክንፉ ሌላ አልጠየቀም። ሰፊ ፕላስተር ቀደደና ቁልፉንም መስታወቱንም አሸገ፤ እጁ ቢረሳ ፕላስተሩ እንዲያስታውሰው።

አራት ቀን ፈጀበት። አየለች በየቀኑ እየመጣች በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች፤ ታማሚ እንደሚያስታምሙ ሁሉ ምሳ ይዛለት ትመጣለች። ፊውዙ ተቃጥሏል፤ ኮንዴንሰር የሚባሉት ትንንሽ ዕቃዎቿ አብጠዋል፤ የመስታወቱ አምፖሎች ጠፍተዋል። ጋሽ ክንፉ አንዱን ዕቃ ከሱቅ፣ ሌላውን ከሞተ ቴፕ ሆድ እያወጣ በየደው። በአራተኛው ቀን ማብሪያውን ሲጫነው በፕላስተሩ ጠርዝ አረንጓዴ ብርሃን ፈሰሰ። አየለች ከበርጩማዋ ብድግ አለች። ከስፒከሩ የወጣው ግን «ሽሽሽ» የሚል ባዶ ድምፅ ብቻ ነበር።

«ይህን ነው ይሰማ የነበረው?» አለች።

«አይደለም እትዬ። ሩቅ ጣቢያ በዚህኛው ሞገድ ቀን አይገባም። አመሻሽ ላይ ነው የሚመጣው፣ ያውም ጥሩ አንቴና ካለ። ቤትዎ አንቴና አለ?»

አየለች ዝገታሙ ሽቦ ትዝ አላት። ሰባት ዓመት ሙሉ ልብስ ባሰጣች ቁጥር ትረግመዋለች፤ አውርዳው ግን አታውቅም።

«አለ» አለች።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጋሽ ክንፉ ሬዲዮዋን ቤቷ ድረስ ይዞላት ሄደ። ስፒከሮቹን አገናኘ፤ በመስኮቱ የሚገባውን የሽቦ ጫፍ አጽድቶ ከጀርባዋ አሰረው። አበራት። መጀመሪያ ያ «ሽሽሽ» የሚለው ድምፅ መጣ። ከዚያ ከሥሩ የሴት ድምፅ ተሰማ፤ ራቅ አለ፣ ቀረበ፣ ደግሞ ጠራ። ሴትየዋ ስለ ዝናቡና ስለ ዝንጅብል አተካከል ነበር የምታወራው።

የምታወራው በከምባትኛ ነበር።

አየለች ወደ ጋሽ ክንፉ ዞረች። «ቁልፉን ነክተውታል እንዴ?»

«ይኸው ፕላስተሩ። እንዳሸግኩት ነው።»

«መርፌው የቆመው የውጭ ወሬ ላይ ነው ብለውኛል እኮ!»

ጋሽ ክንፉ ግራ ገባው። ፕላስተሩን ከመስታወቱ ላይ ብቻ ላጠ፤ ክዳኑን ከፈተና በባትሪ እያበራ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ እፍረት ነበረበት።

«መስታወቱን አሽጌው ስለነበር ሳላየው ቀረሁ» አለ። «ቁልፉ ሲዞር ክር ይጎትታል፤ መርፌው ያንን ክር ነክሶ ነው የሚሄደው። አሁን ክሩን ለቋል። ዕቃዋ ስትነሳና ስትቀመጥ ተንሸራቶ ይሆናል።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ የማነሳት እኔ ነኝ» አለች አየለች ቀስ ብላ።

«እንግዲያው መርፌውን አይመኑት። ጣቢያውን የሚይዘው ከውስጥ ያለው ነው። እሱ ደግሞ ባለቤትዎ ከተዉት ቦታ ንቅንቅ አላለም።»

አየለች የሴትየዋን ድምፅ አዳመጠች። ሽቦው ትዝ አላት። «ሩቅ ነው፣ ያለሱ አይመጣም» ያላት ትዝ አላት። ወደ ግድግዳው የዞረው ፊቱ ትዝ አላት።

«ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር» አለች። «የሚጸልይ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሴትየዋ የምትለውን ከኋላዋ ይደግም ነበር! ቋንቋዬን እየተማረ ነበር!»

ከዚያ አለቀሰች፤ በቀብሩ ቀን እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም። «ምነው ዘርጋው! እየተሳሳትክስ ቢሆን? አንዲት ቃል ብትለኝ ምን ነበረበት? እስቅብህ ነበር፣ አርምህ ነበር፣ አብረን እንስቅ ነበር!» ጋሽ ክንፉ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ተቀመጠ።

ሲወጣላት «እትዬ፣ መርፌውን ክሩ ላይ ልመልሰው ወይስ ይቆይ?» ሲል ጠየቃት።

«ይመልሱት» አለች። «ሰባት ዓመት ሙሉ ቦታውን የለቀቀ መርፌ ስጠብቅ ነው የኖርኩት።»

በማግሥቱ የካፌው ባለቤት መጣ። «እማማ፣ ተሠራች?»

«ተሠራች ልጄ። ግን ጣውንቴ ናት፤ ጣውንት ደግሞ አይሸጥም» አለችውና ቁርስ አብልታ ሸኘችው።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ አየለች በባሏ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሬዲዮዋን አበራች። ከሩቅ አገር ያቺ ሴት መጥታ በከምባትኛ «እንዴት አመሻችሁ?» አለች። አየለች ወደ በሩ ዞር ብላ አየች፤ እንደ ልማዷ። ማንም አልነበረም። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ በዚያ ቤት ሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው ባልተጨዋወተበት ቋንቋ፣ «ደህና ነኝ፤ እናንተ እንዴት ናችሁ?» ብላ መለሰች።

ወዳጆቼ፣ ዘርጋው የበደለውን ሊክስ በየምሽቱ ደክሟል፤ ግን አሳምሬ እስክችለው ብሎ ጊዜ ጠበቀ፤ ጊዜ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። አየለችም ያመማትን በቀልድ እየሸፈነች ሳትጠይቀው ቀረች፤ ከሞተ በኋላም ልቡን የፈለገችው መርፌው ላይ ነበር። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። ሚስትን የሚያህል ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ ግን የተቀበረ ወርቅ ነው፤ ለቀበረውም ለቀረውም አይሆንም። የሰውን ልብ ከላይ በሚታየው መርፌ አንፍረድበት፤ የራሳችንንም ልብ እስኪያምር ብለን አናቆየው። ተንተባትቦ የተነገረ ፍቅር ተሰምቶ ያድራል።

እናንተስ፣ አሳምሬ እስክላት ብላችሁ ያቆያችኋት ቃል ለማን ናት? ያ ሰው ዛሬ ቤት አለ?