ለለቅሶ የመጣው ሳንቃ

አንዲት ሴት ነበረች። ኮንዶሚኒየም ደረሳት። ዕጣዋ ሲወጣ ጎረቤት እልል አለላት፤ እሷም ቁልፉን ተቀብላ ሳመችው። ዕድሜዋን የአከራይ ፊት እያየች የኖረች ሰው ብትስም ይፈረድባታል?

ሰፈሩ ከከተማው ጫፍ፣ ከወንዝ ማዶ ነው። ወንዙ ጠባብ ነው፤ ክረምት ሲገባ ግን ሰው ይወስዳል። ቤቶቹን ያሠሩት ሰዎች ድልድይና ጤና ጣቢያ አብረን እንሠራለን ብለው ቃል ገብተዋል። የምረቃው ዕለት ወንዙ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሳንቃ ተረበረበ። የግንባታው ኃላፊ ጫማው ሳይረጥብ ተሻግሮ ሪባን ቆረጠ፤ ድልድዩም በቅርቡ ይሠራል አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እሷም አጨበጨበች።

በማግስቱ መኪና መጣና ሳንቃውን ጭኖ ሄደ።

ሰምታችኋል? ጭኖ ሄደ! ለአንድ ቀን እንግዳ የተዘረጋው፣ ዕድሜ ልኩን እዚያ ከሚኖረው ሰው ተነጠቀ። ወዴት ነው የምትወስዱት ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። ቁልፉን ይዘናል፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል ተባባሉ።

ነዋሪው መጀመሪያ ያቋቋመው ምን ይመስላችኋል? ዕድር! ድንኳን ተገዛ፣ አግዳሚ ተገዛ፣ የሬሳ ቃሬዛ ተሠራ። ለመቀበር ተዘጋጁ። ስለ መሻገሪያው ግን ሄደን እንጠይቅ ያለ አልተገኘም፤ በጋውን ድንጋይ እየረገጡ አለፉት።

ክረምት ገባ። ይህች ሴት፣ ስሟ ትርንጎ ነው፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር፤ ምጥ ያዛት። ባሏ ደወለ፤ አምቡላንሱ ፈጥኖ መጣ። መጥቶም ወንዙ ማዶ ቆመ። በሰፈሩ ሰው የሚሸከሙበት ነገር ያ የዕድሩ ቃሬዛ ብቻ ነው። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ዘርፉ አስመጡትና ደረጃው ሥር አስቀመጡት። ትርንጎ አየችው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ገና አልሞትኩም» አለቻቸው።

ሽማግሌው ቃሬዛውን አስመለሱት። በጋቢ ጠቅልለው ወንዶቹ በእጃቸው ተሸክመው ወረዱ፤ ወንዙ ዳር ደርሰው ቆሙ። ምን ያድርጉ? ነርሷ ከማዶ ትጮኻለች፤ የምትለው ግን በውኃው ድምፅ አይሰማም። ሕፃኑ እዚያው ጭቃው ላይ ተወለደ። እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። የሠለጠነ እጅ ቢደርስለት ይድን ነበር። አልደረሰለትም። ሳያለቅስ ቀረ።

አሁን ደግሞ ስሙኝ። ኃላፊው ይህን ሰማና እናቲቱን ላጽናና አለ። የሚመጣበት ዕለት ጠዋት መኪና መጣ። ምን ጭኖ? ሳንቃውን! ያንኑ ሳንቃ! ረበረቡለት፤ ጫማው ሳይረጥብ ተሻግሮ ቤቷ ገባ፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ አላት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ትርንጎ ቀና ብላ አየችው።

«ሳንቃው የዚያን ዕለት የት ነበር?» አለችው።

የት ነበር? እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፣ ወገኖቼ! እንጨት ጠፍቶ ቢሆን ድህነት ነው ብዬ ዝም እል ነበር። ነበረ እኮ! መጋዘን ውስጥ በደረቁ ተቀምጦ ነበረ። ለሚጨበጨብለት ሰው ወጣ፤ ምጥ ለያዛት ሴት ግን አልወጣም።

ይህ የባለሥልጣን ኃጢአት ነው ብላችሁ እንዳትዝናኑ። አንተ፣ አስተምርሃለሁ ብለህ የእኅትህን ልጅ ከገጠር አምጥተህ፣ መኝታ ሰጥተህ፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያላደረስኸው፣ ምን ትላለህ? አንቺ፣ ውኃ አስገባለሁ ብለሽ ቤት አከራይተሽ፣ ተከራይሽ ጄሪካን ስትሸከም በመስኮት የምታዪያት፣ ምን ትያለሽ? ግማሹን ሰጥታችሁ በሙሉው ተመስግናችኋል። ቃል የእምነት ዕዳ ነው ስትሉ ግን አፋችሁ አይያዝም።

ሳንቃው ሲጫን ቆማችሁ ያያችሁትስ? እናንተም ዝም ብላችኋል። የቀብር መዋጮ አንድ ወር ሳታስታጉሉ ትከፍላላችሁ፤ ለቆመው ሰው ግን ከወንበራችሁ አትነሡም።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ ግቡና ፈልጉ። ለማን ቃል ገብታችሁ ነበር? ለክብር እንግዳ ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ሳንቃ የትኛው ጥግ ነው? አውጡት። ከለቅሶው በፊት አውጡት። አሁን፣ ይህን ስናወራ፣ ወንዙ ዳር በጋቢ ተጠቅልላ የምትጠብቅ ሴት አለች።