ልጅቷ የደረደረችው የድንጋይ ወረፋ

አንድ ክረምት፣ ኑሮ በጣም በከበደበት ዓመት፣ በሰፈራችን የሆነ ነገር ነው። ዕድሜዬ ስለገፋ የድንጋዮቹን ቁጥር ወይም የሰዎቹን አነጋገር በጥቂቱ ልሳሳት እችላለሁ። ዋናውን ነገር ግን አልረሳሁም፤ እኔም እዚያው ነበርኩ።

በዚያን ጊዜ ርካሽ ዱቄት የሚገኘው በወር አንድ ቀን፣ ከአንድ የማኅበር ሱቅ ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ ንጋት ላይ ይመጣና በሱቁ ደጅ በየተራው ድንጋይ አስቀምጦ ወደ ሥራው ይሄዳል። ድንጋዩ የባለቤቱ ቦታ ነው። እንዳይምታታ አንዱ ጨርቅ ያስርበታል፣ አንዱ በከሰል ምልክት ያደርግበታል፣ አንዱ የሸክላ ስባሪ ያመጣል። የዱቄቱ መኪና ሲደርስ እያንዳንዱ ድንጋዩ አጠገብ ይቆማል።

ውባለም የምትባል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅም ድንጋይ አስቀምጣ ነበር። አባቷ ሥራ ፍለጋ ከወጣ ቆይቷል። እናቷ የታመመውን ትንሽ ወንድሟን ናሁሰናይን አዝላ ትውላለች። ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ለልጁ አጥሚት የሚሆን አንድ እፍኝ ዱቄት እንኳ በቤቱ አልነበረም። ስለዚህ ሌላው ሰው ሲሄድ ልጅቷ አልሄደችም። ድንጋዮቹን እየቆጠረች ጠዋቱን ሙሉ እዚያው ተቀመጠች።

ረፋድ ላይ አንድ የጋሪ ፈረስ ደንብሮ በድንጋዮቹ መካከል ሮጠ። ድንጋዮቹ ወዲያና ወዲህ ተበታተኑ። ሰዉ ሲሰበሰብ ሁሉም የየራሱን ድንጋይ ለየ፤ ተራውን ግን ማንም በእርግጠኝነት መናገር አልቻለም። "እኔ አሥረኛ ነበርኩ" የሚሉ ስምንት ሰዎች ተገኙ።

"አሥረኛው ቦታ ላይ ሰርግ አለ እንዴ? ሁላችሁም እዚያ የተጠራችሁት!" አለች አንዲት ሴት። ተሳቀ። ወዲያው ግን መገፋፋት ተጀመረ።

በዚህ መሐል የሱቁ ሠራተኛ ወጣና፣ "የመጣው ዱቄት ግማሽ ነው። የሚደርሰው ለሠላሳ ሰው ብቻ ነው" አለ። ሳቁም ጨዋታውም ቆመ።

"ጠዋቱን ሙሉ እዚህ የነበረችው ይህች ልጅ ናት። እሷ ትደርድር" አለ ሠራተኛው። ሁላችንም ተስማማን። ትልልቅ ሰዎች ተጣልተን ፍርዱን በልጅ ላይ ጣልነው።

ውባለም ተራውን አንድ በአንድ ታስታውሳለች። የራሷ ድንጋይ ሠላሳ ሦስተኛ እንደነበረም ታውቃለች። ሦስት ቦታ ወደ ፊት ብታስጠጋው የሚያውቅባት አልነበረም።

ጋሽ ደርበው የሚባሉ፣ ዘግይተው የመጡ ጎረቤቷ፣ ድንጋይ የሚያቀብሏት መስለው አጠገቧ ጎንበስ አሉ፤ ቅርብ ስለነበርኩ የሚሉትን ሰማሁ።

"ስሚ ውቤ፣ የእኔን ከፊት አድርጊው። የራስሽንም አስጠጊ። ማን ያይሻል?"

"የማንን ላውጣ ጋሼ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ! የፈለግሽውን።"

"ሁሉም ቤት እኮ ልጅ አለ።"

"ወንድምሽስ? እሱ ልጅ አይደለም?"

ይህን ስትሰማ ዓይኗ እንባ ሞላ። የራሷን ድንጋይ አንስታ ሠላሳኛው ቦታ ላይ ይዛ ቆመች። በሌላው እጇ የያዘችው የእኔን ድንጋይ ነበር፤ የዚያ ቦታ ባለቤት እኔ ነበርኩ። ከረጢቴን ጨብጬ አየኋት። ከዚያ የእኔን ድንጋይ በቦታው አስቀመጠች፤ የራሷን ከእኔ ሁለት ድንጋይ አልፋ አኖረች። የጋሽ ደርበውም ከሁሉም ኋላ ሆነ።

ዱቄቱ እኔ ላይ አለቀ። ልጅቷ ባዶ ከረጢቷን አጣጥፋ ሄደች። ሠላሳችንም አየናት። አንዳንዱ፣ "ጨዋ ልጅ፣ ተባረኪ!" አላት። አንድ ጣሳ ቀንሶ የሰጣት ግን አልነበረም። እኔም የቤቴን ሰው ብዛትና የወሩን ርዝመት አሰብኩ። ነገ እወስድላቸዋለሁ ብዬ ከረጢቴን ተሸክሜ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ሁለት ጣሳ ይዤ ስሄድ በራቸው ተቆልፏል። ልጁ ስለባሰበት እናቱ ወደ ጤና ጣቢያ እንደወሰደችው፣ ውባለምም አብራ እንደሄደች ጎረቤታቸው ነገረችኝ።

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ሁሉ ልጅቷን ያመሰግናል። ትክክል ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን የሠላሳችን ነገር ነው። አንዲት ልጅ ራሷ እየተራበች የሌላውን ተራ ስትጠብቅ፣ የተጠበቀለት ሰው መርቋት ብቻ መሄድ የለበትም። ከያዘው ማካፈል አለበት፤ ያውም በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት። ለተራበ ሰው ነገ ሩቅ ነው። እናንተ ሠላሳኛው ሰው ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

የእነ ውባለምን ወሬ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ ዕለት ነው። ወደ ትልቁ ሆስፒታል እንደተላኩና ልጁ ሲሄድ በሕይወት እንደነበረ የጤና ጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ ነገረችኝ። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ምን እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።