የጋሽ ወንድይራድ ቆርቆሮ

በአንድ ወቅት፣ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ጋሽ ወንድይራድ የሚባሉ ዳቦ አከፋፋይ ነበሩ። መኪናቸው ጎኗ እንደ ቤት ክዳን የተሸበሸበ የድሮ የፈረንሳይ ዕቃ መጫኛ ናት፤ በከተማው ሁለተኛ የላትም። ሰው «ቆርቆሮዋ» ይላታል። አንድ ቀን የደንገጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬን እምቢ አላቸው። «የቁልቢው ገብርኤል፣ ብታተርፈኝ እሷኑ ይዤ ደጅህ እመጣለሁ!» ብለው ተሳሉ። ተረፉም። ዛሬ ነገ ሲሉ ግን ሞተሯ ተሰብሮ ግቢያቸው ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆመች።

ትልቋ ልጃቸው የሺመቤት ዝገት እንዳይበላት በየዓመቱ በተቃጠለ ዘይት ትወለውላት ነበር። አባቷ ሆስፒታል እንደተኙ ወንድሟ አስናቀ «ግቢውን ዘጋችብን» ብሎ ቁራሌ ጠራ። ሰዎቹ በአይሱዙ ሲመጡ የሺመቤት ጋቢናዋ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች። «ከነነፍሴ ጫኑኝ!» እስከ ማግስቱ አልወረደችም፤ አይሱዙው ባዶውን ተመለሰ።

ጋሽ ወንድይራድ ደክመው ከሆስፒታል ወጡ። ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ «ስለቴን ሳላገባ ብሞት ወየውልኝ! ቆርቆሮዋን ለቁልቢ ያበቃ ይውሰዳት። እንዳትካፈሏት ብቻ» አሉ።

አስናቀ የቶርኖ ባለሙያ ነው። ባደረገው አፍሮ እኅቱን ቀና ብሎ ማየት አቅቶታል። ለቆርቆሮዋ መለዋወጫ ከየት ይመጣል? የተሰበረውን ሁሉ በእጁ ቀረጸው። ስድስት ጊዜ አበላሽቶ በሰባተኛው ገጠመ። በአራተኛው ወር ሞተሯ ተነሳ፤ አባትየው ድምፁን ከአልጋቸው ሰምተው አለቀሱ።

ትንሹ ልጃቸው ልዑልሰገድ ሚኒባስ አለው። በቆርቆሮዋ ሲያላግጥ የኖረ፣ አንድ ብሎን እንኳ ያላጠበቀ ልጅ ነው። የስለቱ ቀን አስናቀ አባቱን ይዞ ቆርቆሮዋን ሲነዳ እሱ ከኋላ ተከተለ። ደንገጎ አቀበት ላይ ጉልበት ከዳት። «በቃ፣ አልፈቀደልኝም» አሉ አባትየው። ልዑልሰገድ ወርዶ ገመድ አሰረ።

«ሞተርህ ይነድዳል!» አለው አስናቀ።

«ይንደድ! አባቴ አይደሉ እንዴ?»

ጎትቶ ቁልቢ ደጅ አደረሳት። የሚኒባሱ ሞተር እዚያው ነደደ፤ ሦስት ልጆች የሚያሳድግበት እንጀራው ነበር።

ጋሽ ወንድይራድ ደጁን ተሳልመው ተመለሱ፤ በዘጠነኛው ቀን፣ ቆርቆሮዋ ለማን እንደምትሰጥ ሳይናገሩ ዐረፉ። ነፍስ ይማር።

አስታራቂ ሽማግሌ ተብዬ ቁልፉን የያዝኩት እኔ ነኝ። አስናቀ «ስትገባ ሞተሯ እየሠራ ነበር» ይላል። ልዑልሰገድ «ያለ ገመዴ ደንገጎ ላይ ቀርታ ነበር» ይላል። የሺመቤት ደግሞ «እኔ የደረስኩላት ትሰጣለች ሳይባል ነው» ትላለች። ሦስቱም እውነታቸውን ነው፤ እኔን ጨነቀኝ! ወንድማማቾቹ መነጋገር ካቆሙ ወር ሆናቸው፤ በዚህ ከቀጠሉ የአባታቸውን ተዝካር እንኳ አብረው አያወጡም።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ቁልፉን ለማን ልስጥ?