«አንሳ» ያልተባለው ማሽን

አንድ የታወቁ እንጨት ፈልፋይ ነበሩ፤ ጋሽ ይመኑ ይባላሉ። በር ላይ የፈለፈሉትን አበባ ያየ ሰው እንጨት መሆኑን ረስቶ ሊያሸተው ይጠጋ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አልሆነላቸውም፤ ሙያቸውን የሚረከብ ሰው። ስንቱን ተማሪ «ጭንቅላትህ ድንጋይ ነው!» እያሉ እንዳባረሩ ብነግራችሁ አታምኑኝም። የመጨረሻው አንዷለም የሚባል ጎልማሳ ነበር፤ አንድ ያማረ ጠረጴዛ ፊት ላይ ጭረት አወጣና በዚያው ቀን ተሰናበተ።

ዓመታት ሄዱና የጋሽ ይመኑ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚሠሩበት የእንጨት ሥራ ድርጅት ባለቤት ጨነቀውና በኮምፒውተር የሚታዘዝ መፈልፈያ ማሽን ገዝቶ መጣ። ማሽኑ ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ፣ ላይና ታች ይሄዳል፤ ግን እያንዳንዷን እንቅስቃሴ በተራ በተራ የሚጽፍለት ሰው ይፈልጋል። ለዚህ ሥራ ትርሲት የምትባል ፕሮግራመር ተቀጠረች።

«ጋሽ ይመኑ» አለ ባለቤቱ፣ «እርስዎ ይንገሯት፣ እሷ ለማሽኑ ትጽፍለታለች። ያለን የዋንዛ ሳንቃ ሦስት ብቻ ነው። ሦስቱም ከተበላሹ ማሽኑን እሸጠዋለሁ፤ ይህ በር ላይ የሚፈለፍሉት የአበባና የቅጠል ሐረግም ከእርስዎ ጋር ያበቃል።»

ሐረጉን የተረከቡት ከአባታቸው ነው። ጋሽ ይመኑ ግን ሰው ፊት መሸነፍ የት ያውቃሉ! «ለሰው ያልገባው ለብረት ይገባው ይሆናል» ብለው፣ የአበቦቹን ቅርጽ ከድሮ ሥራቸው ለክታ ማሽኑ ውስጥ ያስገባችው ትርሲት አጠገብ ተቀመጡ።

«ጻፊ። አንደኛውን አበባ ፈልፍል። ሲያልቅ ወደ ሁለተኛው ሂድ።»

«የሚጨመር ነገር የለም ጋሼ?»

«አንድ ቃል እንዳትጨምሪ! ሐረጉ የአባቴ ነው።»

ማሽኑ ተነሳ። አንደኛው አበባ እንዴት አማረ! ጋሽ ይመኑ ፈገግ ማለት ሲጀምሩ ማሽኑ ስለቱን ሳያነሳ፣ መሬት እንደሚያርስ በሬ፣ ሳንቃውን እየገመሰ ወደ ሁለተኛው አበባ ሄደ።

«ኧረ ይሄ ደደብ! አንሳው! አንሳው እንጂ!» ብለው ማሽኑ ላይ ጮኹ። ማሽኑ ምን ገዶት።

«አንሳ በይው አላሉኝም ጋሼ።»

«ይሄም ይነገራል እንዴ? ሕፃን ያውቀዋል!»

በሁለተኛው ሳንቃ «አንሳ» ተጻፈ። ቅጠሉ ላይ ሲደርሱ «እዚህ ጋ ትንሽ ዝቅ በል» አሉ።

«ትንሽ ስንት ነው?»

«ትንሽ ነዋ! ትንሽ አታውቂም?»

«እኔማ አውቃለሁ፤ ማሽኑ ነው የማያውቀው። ስንት ሚሊሜትር ልበለው?»

«ሆ! በቃ አንቺ ትንሽ የመሰለሽን!»

ለትርሲት ትንሽ የመሰለው ለቅጠሉ ብዙ ሆነ። ሳንቃው ተበሳ፤ ጋሽ ይመኑ አንስተው ሲያዩት በቀዳዳው ውስጥ ወዲያ ማዶ የቆመውን ባለቤቱን አዩት። ባለቤቱም አያቸው። ጀርባውን ሰጥቷቸው ሄደ።

አሁን አንድ ሳንቃ ቀረ። ጋሽ ይመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈሩ። ያረጀ መሮአቸውን አውጥተው፣ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ቁራጭ እንጨት ላይ መፈልፈል ጀመሩና የገዛ እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አፍጥጠው ተመለከቱት።

«ወይ ጉድ! ለካ አነሳለሁ! ለካ ወደ ጫፉ ስደርስ ቀስ እላለሁ!»

ሐረጉ እስኪያልቅ መሮውን መቶ ሰባት ጊዜ አነሱ። አንዱንም ለማንም ተናግረው አያውቁም። እሳቸው እየነገሩ፣ ትርሲት እየለካች ሁለት ቀን ሙሉ ጻፉት። ሦስተኛው ሳንቃ ከማሽኑ ሲወጣ ሠራተኛው ሁሉ አጨበጨበ፤ ባለቤቱም አቀፋቸው። ጋሽ ይመኑ ግን ስልክ አነሱ።

«አንዷለም፣ ያን ጠረጴዛ የጫርክ ቀን መሮውን አንሳ ብዬህ ነበር?»

«ኧረ አላሉኝም ጋሼ።»

«ታዲያ አትጠይቅም ነበር?»

«ጠይቄዎት ነበር። ‹ዓይን የለህም?› አሉኝ።»

ጋሽ ይመኑ እፍረታቸውን መደበቂያ አጡ። «እንግዲያው ስማኝ» አሉ። «ነገ ከቤትህ ውጣ። ታክሲ ያዝ። ወርክሾፑ ጋ ስትደርስ ውረድ። ቀኝ እጅህን አንሳ። ሦስት ጊዜ አንኳኳ። እጅህን መልስ። እከፍትልሃለሁ። ከዚያ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ከዚያ ሥራ እንጀምራለን።»

«በስንት ሰዓት ጋሼ?»

ጋሽ ይመኑ ግንባራቸውን መቱ። «አየህ፣ አሁንም ረሳሁ! እሰይ፣ እንኳን ጠየቅከኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት።»

ወዳጆቼ፣ እጃችን የለመደውን ነገር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይመስለናል። ማሽን ያልነገርነውን ሳይሠራ ሲቀር ጥፋቱ የእኛ መሆኑን እናምናለን፤ ሰው ሲሆን ግን «አይገባውም» ብለን እናባርረዋለን። እስቲ እናንተም በቅርቡ የተቆጣችሁትን ሰው አስቡት፤ ለመሆኑ «አንሳ» ብላችሁት ነበር?